የተዋሱት መጥረቢያ
ቤት ሲታደስ ሳይታሰብ ስለሚደርስ ጉዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤት የሰው ማረፊያ ነው። ሆኖም በሰው እጅ የተሠራ ነውና እርጅና ያገኘዋል፤ ልስኑ ይረግፋል፤ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ ወይም በዓል ሲቃረብ ቤቱን ለማደስ ይነሣል። ይህ የተመሰገነ ትጋት ነው። ይሁን እንጂ ለማበጀት የተዘረጋ እጅ ሳያስበው የሚያበላሽበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚያን ጊዜ የሚጐዳው ዕቃው ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው ሲሰበር ቍጣ ይከተላል፤ በቍጣውም ባልና ሚስት፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይለያያሉ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ክርስቲያን ምን ማድረግ እንደሚገባው እንናገራለን።

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ጉዳይ አልዘነጋውም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ደቂቀ ነቢያት የሚኖሩበት ስፍራ ስለ ጠበባቸው ቤት ለመሥራት ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እንጨት ይቈርጡ ጀመር። ከእነርሱም አንዱ ግንድ ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ከውኃው ውስጥ ገባ። ያ ሰው መጥረቢያውን የተዋሰው ነበርና ወደ ነቢዩ ወደ ኤልሳዕ ጮኸ። ነቢዩም የወደቀበትን ስፍራ ጠየቀው፤ እርሱም አሳየው፤ ኤልሳዕም እንጨት ቈርጦ በጣለበት ጊዜ ብረቱ ተንሳፈፈ፤ ሰውዬውም እጁን ዘርግቶ ወሰደው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ተአምራቱን ብቻ አንመልከት፤ የሰውዬውንም ጠባይ እንመርምር። ብረቱ በወደቀ ጊዜ ዝም አላለም፤ ባልንጀራውን አልከሰሰም፤ እጀታው ላላ ብሎም አላመካኘም። የሰው ገንዘብ መሆኑን ወዲያው ተናገረ። የወደቀበትን ስፍራ ሲጠየቅም በትክክል አመለከተ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብረቱን ያወጣ ዘንድ የታዘዘ ራሱ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገር እንማራለን፤ ይኸውም ፈጥኖ መናገርን፣ ጉዳቱ የደረሰበትን በእውነት ማሳየትን፣ በራስ እጅ መካስን ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ተምረን ብቻ አይደለም፤ በቤታችንም ደርሶብናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር የክፍላችንን ግድግዳ አስለስነን የመጻሕፍት መደርደሪያ ለመስቀል አሰብን። ከእኛ ዘንድ ቅኔ የሚማር አንድ ወጣት ሊረዳን መጣ። የሚበሳውን ስፍራ በጣታችን ያመለከትነው እኛ ነን። እርሱም መሮውን አስደግፎ በመዶሻ ሲመታ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የውኃ ቧንቧ ተበሳ። ከሥሩ በነበረው ጠረጴዛ ላይ ለማመሳከር የተዋስነው የብራና ዳዊት ነበረ፤ ባለቤቷ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ መጽሐፉም የባሏ ነበር። ማኅደሩና ብዙው ቅጠል በውኃ ራሰ።

እኛም ቧንቧውን ከመዝጋት ይልቅ በልጁ ላይ ጮኽን። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» ቢለን አልሰማነውም። ነጠላውን አንሥቶ ወጣ። ዋናውን መዝጊያ የዘጋልን ድምፅ ሰምቶ የመጣ ጎረቤት ነው። ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ ነገሩን መረመርን፤ ስፍራውን ያሳየን እኛ፣ መጽሐፉን ያላነሣን እኛ፣ የተቈጣንም እኛ ሆነን ተገኘን። በዚያው ማታ ወደ ልጁ ጎጆ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው።

ስለ ዳዊቱ ግን ክፉ አሳብ መጣብን፤ ይኸውም እስኪደርቅ ድረስ ዝም ብለን ማቈየት ነበር። ነገር ግን የዮርዳኖሱን ሰው አስበን በማግሥቱ ወደ ሴትዮዋ ሄደን የሆነውን ሁሉ ነገርናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ «አባቴ፣ በዚያ ዳዊት ላይ የእኔም እንባ ብዙ ጊዜ ወርዶበታል፤ ውኃ ነካው ብለው መንገርዎ ይሻለኛል። ደብቀው ቢመልሱልኝ ኖሮ ግን ሁለተኛ አላምንዎትም ነበር» አለችን።

ብራና ቆዳ ነውና በእሳት ወይም በፀሐይ ቢያደርቁት ይኰማተራል፤ ስለዚህ ቅጠሉን በቀስታ እየገለጥን፣ በመካከሉ ንጹሕ ጨርቅ እያደረግን፣ በጥላ ስፍራ አደረቅነው፤ በላዩም ክብደት ጫንበት። መድጐሱንም በራሳችን ገንዘብ አሳደስን። ሆኖም ጥቂቱ ቅጠል እስከ ዛሬ እንደ ተጨማደደ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ ቀለሙ ፈስሷል። ለኤልሳዕ ብረቱ ተንሳፈፈ፤ ለእኛ ግን የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም። የተመለሰው የሴትዮዋ እምነትና የደቀ መዝሙሩ ፍቅር ነው፤ እነዚህንም ብናጣ ኖሮ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አስቀድሞ የተጐዳ ሰው እንዳለ ይመልከት፤ ዕቃ ከሰው አይበልጥምና። ቀጥሎ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ያድርግ፤ ውኃ ቢሆን ዋናውን መዝጊያ ይዝጋ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢነካ ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋ፣ ይልቁንም በእርጥብ እጅ፣ ምንም አይንካ። ከዚያ በኋላ ልቡ እስኪበርድ ድረስ ስለ ጥፋተኛው አይናገር። የሰው ገንዘብ ተጐድቶ እንደ ሆነም ሳይውል ሳያድር ለባለቤቱ ይንገር።

የካሣውን ነገር ኦሪት በማስተዋል ለይታለች። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የተዋሱት ነገር ባለቤቱ በሌለበት ቢጐዳ የተዋሰው እንዲከፍል፣ ባለቤቱ አብሮ ካለ ግን እንዳይከፍል ተደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ2028ኛው ቍጥር በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ስለዚህ አሠሪ ሆይ፥ በአንተ ትእዛዝና በፊትህ የሆነውን ጉዳት ሁሉ በቀን ሠራተኛ ጫንቃ ላይ አትጫን። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛ ደመወዝ እስከ ማግሥቱ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዝዟል፤ በቍጣ የያዝከው ደመወዝ የልጆቹ እራት ነው። ሠራተኛም ሆይ፥ የሰበርከውን በልስን ሸፍነህ አትሂድ፤ የተሸፈነ ስንጥቅ በክረምት ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው ይልቅ ስምህ ይፈርሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ፣ ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። እኛም ሥራ ሳንጀምር ቧንቧውና ሽቦው የሚያልፍበትን እንጠይቅ፤ የከበረውን ዕቃ፣ ይልቁንም የተዋስነውን፣ ከቤት እናውጣ።

ያ መደርደሪያ ዛሬ በሌላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሰቀለውም ያው ደቀ መዝሙር ነው። እግዚአብሔር አምላክ ቤታችንን ከጥፋት፣ አንደበታችንንም ከቍጣ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።