የተራራው ገመድና ፍሬኑ

ኬብል ካር የሚባለውን ማመላለሻ አብዛኞቻችን በፊልም ካልሆነ አላየነውም፤ እኔም እንደዚሁ። ዳሩ ግን ነገ ስለ ፑሊ ለምናስተምር እጩ መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በሰሜን ኢጣልያ፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር፣ ስትሬዛ የምትባል ከተማ አለች። ከበላይዋ ሞታሮኔ ተራራ ይገኛል። ጫፉ ላይ የወጣ ሰው ሐይቁንና የአልፕስን ተራሮች ባንድነት ያያል። ቀድሞ ጎብኚውን የሚያወጣው ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1963 ቆመና በ1970 ኬብል ካር ተተካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ገመድ አለ። ተሸካሚው ገመድ አይንቀሳቀስም፤ ሰው የተሳፈረበት ሳጥን ተንጠልጥሎ የሚሄድበት መንገድ ማለት ነው። ጎታቹ ገመድ ደግሞ ሳጥኖቹን ይስባል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ ክብደታቸው ይመዛዘናል። ሰበቃንና የገመዱን ክብደት ለጊዜው ብንተው፣ የሚወጣው 3000 ኪሎ፣ የሚወርደው 2500 ቢሆን ሞተሩ የሚለፋው በ500ው ብቻ ነው።

ታዲያ ጎታቹ ገመድ ቢበጠስስ? ተማሪ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ እንዳናልፈው። ለዚህ ሲባል ሳጥኑ ላይ የአደጋ ፍሬን አለ። ጎታቹ ሲላላ ፍሬኑ ተሸካሚውን ገመድ እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ይይዛል፤ ሳጥኑም ባለበት ቀጥ ይላል።

በሞታሮኔ ግን፣ በምርመራ እንደታወቀው፣ ፍሬኑ በየጊዜው ያለቦታው እየያዘ ሥራ ስላስቆመ ብረት ጣልቃ አስገብተው እንዳይገጥም አደረጉት። እሑድ ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳጥኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ጎታቹ ገመድ ተበጠሰ። ሳጥኑ ወደኋላ ተንደርድሮ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ከገመዱ ወጥቶ ወደቀ። ከ15 ተሳፋሪዎች 14ቱ ሞቱ፤ የተረፈው አንድ የ5 ዓመት ሕፃን ነው። እኔን የሚቆጨኝ፣ መሐንዲሱ ገመድ ሊበጠስ ይችላል ብሎ አስቀድሞ አስቦበት ነበር!

ለክፍል ሙከራ ሲባጎ ከመስኮት እስከ ዴስክ እግር አዘቅዝቃችሁ ወጥሩ። ባዶ ጣሳ በሽቦ መንጠቆ አንጠልጥሉበትና በክር ወደ ላይ ሳቡት። አንዱ ልጅ ክሩን ይቁረጥ፤ ሌላው የልብስ መቆንጠጫ ይዞ ይቁምና ክሩ ሲቆረጥ ሲባጎውን ከጣሳው በታች ይቆንጥጥ። እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አራት ጊዜ ሞከርን፤ አንዴም አልደረስንበትም። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ፍሬኑ ለምን ሳጥኑ ላይ እንደተገጠመ ራሳቸው ይንገሯችሁ።