«ወንድሜ ነው» ማለት ውል አይሆንም



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። አብዛኞቻችን ዶርም ብንኖርም ቆሰበር ከተማ ውስጥ ክፍል የሚከራዩ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ለተግባር ልምምድ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ፣ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ የሚወጡም አሉ። በማያውቀው ከተማ ቤት የሚፈልግ ተማሪ ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው። ጊዜ የለውም፣ በአካባቢው ዘመድ የለውም፤ በእጁ ያለው ብርም ብዙ ጊዜ ወላጆቹ እህል ወይም ከብት ሸጠው የላኩለት ነው።

ማታለያው እንዴት ይሠራል?

አንደኛው መንገድ በቴሌግራም የሚለቀቅ ፎቶ ነው። ቤቱ ያምራል፣ ዋጋው ከአካባቢው ኪራይ በጣም ያነሰ ነው። ስንደውል «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፤ ቶሎ ቀብድ ላክና ቁልፉን ስትመጣ ትወስዳለህ» እንባላለን። ብሩ ከሄደ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ሁለተኛው፣ ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ባለቤት መስሎ አንዱን ክፍል ለሦስትና ለአራት ሰው ማከራየቱ ነው። እዚህ ላይ ቤቱን በዓይን ማየት ብቻውን አያድንም፤ ቤቱ አለ፣ ቁልፉም ይከፍታል፣ ሰውየው ግን ባለቤት አይደለም። ሦስተኛው፣ ቤት ሳያሳይ «የማሳያ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ነው።

በሦስቱም ውስጥ ለእኛ የተለየ ወጥመድ አለ። ሰውየው በሰላምታ ይጀምራል፤ «እኔም ሙስሊም ነኝ፣ ወላሂ አላታልልህም» ይላል። ያን ጊዜ መታወቂያ መጠየቅ ይከብደናል፤ ወንድምን መጠርጠር መስሎ ይሰማናል፣ ይሉኝታ ይይዘናል። የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብም ይኸው ነው፦ ማረጋገጥ መጥፎ ጥርጣሬ (ሱኡ ዘን) አይደለም። ዲናችን ያስተማረን ሥርዓት ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱራ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳና ስለ ውል የሚናገር ነው። አላህ (ሱ.ወ) የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆምበት፣ ገንዘቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ያዘናል። ትእዛዙ የወረደው «እናንተ ያመናችሁ ሆይ» ተብለው ለተጠሩት፣ ማለትም እርስ በርስ ወንድማማች ለሆኑት ነው። ወንድምነት ጽሑፍን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ይህ አንቀጽ ለእነሱ ባላስፈለጋቸው ነበር።

በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ሻጭ ጉድለትን መደበቅ የለበትም፣ የክምሩን ውስጥ መፈተሽም ነውር አይደለም።

በሂጅራ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) መንገድ መሪ አድርገው የተከራዩት በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነበር። ቡኻሪ ይህን ዘገባ በኪራይ (ኢጃራ) ምዕራፍ ውስጥ አስፍሮታል። ሰውየው መንገድ አዋቂ ነበር፤ ስላመኑትም ግመሎቻቸውን ሰጡት። በሥራና በኪራይ የሚፈለገው ሙያና ታማኝነት እንጂ የሃይማኖት ስም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሙስሊም ያልሆነ ታማኝ አከራይ ብዙ አለ፤ በዲን ስም የሚነግድም አለ።

ብር ከመላካችን በፊት

1. ቤቱን በአካል እንይ። መሄድ ካልቻልን በከተማው ያለ የምናውቀው ሰው እንላክ። እህቶች ብቻቸውን ቤት ለማየት አይሂዱ።

2. ጎረቤት እንጠይቅ። «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ለአጠገብ ሱቅ ወይም ለግቢው ተከራዮች ማቅረብ ደቂቃ አይፈጅም፤ ባለቤት መስሎ የሚያከራየውን ተከራይም ያጋልጣል።

3. የአከራዩን መታወቂያ እንይ፤ ስሙን ከቤቱ ካርታ ጋር እናስተያይ። ወኪል ከሆነ የውክልና ወረቀቱን እንጠይቅ።

4. ብር ስንልክ ስሙን እናንብብ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ከማረጋገጣችን በፊት የተቀባዩን ስም ያሳየናል። ስሙ የአከራዩ ካልሆነ እናቁም። ምክንያት በሚለው ቦታም «የቤት ኪራይ ቀብድ» ብለን እንጻፍ።

5. ውሉን በጽሑፍ እናድርግ። በፊቅህ የኢጃራ ውል የሚከራየው ነገር፣ ዋጋውና ጊዜው የታወቁ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስለዚህ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ኪራዩ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ውሃና መብራት በማን ላይ እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

የአገራችን ሕግም በዚህ ይስማማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በምንሄድበት ከተማ ሥራ ላይ መዋሉን ከከተማው አስተዳደር እንጠይቅ። አዋጁ ባልተጀመረበት ቦታም ቢሆን የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ በጥሬ ብር የሚጠይቀንን ሰው ሁለት ጊዜ እናስብበት።

ስለ ቀብድ

ብዙ ጠብ የሚነሳው ከቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ ቀብድ ከፋዩ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በፊቅህ «ዑርቡን» በሚባለው በዚህ ጉዳይ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ የሐንበሊ መዝሀብ ሲፈቅደው አብዛኞቹ ከልክለውታል። እኛን የሚያድነን ቀብዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ነው።

ከተታለልን

አንፈር፤ ዝም የሚል ተጎጂ ለአጭበርባሪው ሌላ ተማሪ ይጨምርለታል። መልእክቶቹን፣ የስልክ ቁጥሩንና የክፍያ ማረጋገጫውን ሳናጠፋ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር እናሳውቅ፤ ለፖሊስም እናመልክት። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። «ሐሜት ይሆንብኛል» ብለን አንስጋ፤ ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት ከሚፈቀድባቸው ስድስት ሁኔታዎች ውስጥ በደልን ለባለሥልጣን ማቅረብንና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ቆጥረዋል። ሆኖም ያላረጋገጥነውን ስምና ፎቶ በግሩፕ አንበትን።

በመጨረሻም አማናው በእኛም ላይ ነው። ለጓደኛችን ቤት ስናፈላልግ በስውር ኮሚሽን አንጨምርበት። ለቀን ስንወጣ ስለ ክፍሉ የሚጠይቀን ተማሪ ቢመጣ ጣሪያው በክረምት የሚያፈስ መሆኑን እንንገረው፤ እርጥቡን እህል ከላይ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ማደሪያችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።