አስማት የሚያንስበትን የጨዋታ ዓለም ስለ መምራት

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ጎጃም ውስጥ ካለችው ከአማኑኤል ከተማ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተውን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የምመራው እኔ ስሆን፣ ጀግኖቹ በየውጊያው አስማት ስለሚያዘንቡ ፍርሃት የሚባል ጠፋ። አስማቱን ብቀንሰው ጨዋታው አይቀዘቅዝም ወይ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው ያ ጨዋታ አስማተኛውን እንደ ማንኛውም ወታደር ከሰልፉ መካከል ስላቆመው፣ ተአምር የዘወትር ነገር መሆኑ አያስደንቅም፤ ይሁን እንጂ ግሬግ ስታፎርድ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፔንድራጎን በተባለው ጨዋታ፣ በመጀመሪያው እትሙ ተጫዋቾቹን ፈረሰኞች ብቻ አድርጎ አስማትን ለመሪው ቢተወውም ጨዋታው አልቀዘቀዘም።

ለእርስዎ ግን አብነቱ ከደጅዎ አለ። በጎጃም ደብተራ የሚጽፈው ክታብ፣ ብራናው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ተለክቶ፣ ስመ ጥምቀቱ በጸሎቱ መካከል ገብቶ፣ ጠልሰሙም ዓይኑን አፍጥጦ ተሥሎ፣ በኋላ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠል ነው እንጂ ከመዳፍ የሚወነጨፍ እሳት አይደለም። እንግዲህ በጨዋታዎም አስማት ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከባለስሙ በቀር ለማንም የማይሠራ ይሁን፤ ለክታቡ የሚጣለውን ዳይስም እርስዎ ብቻ ይዩት፣ ተጫዋቹ የዳነው በጠልሰሙ ይሁን በዕድሉ አይወቅ።

ቁስል ቶሎ አይሽር፤ የጮቄ ብርድና የዓባይ በረሃ ወባ ከዘንዶ ይልቅ ይፈሩ። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ግን ቡዳ አድርገው እንዳያቀርቡ አደራ፤ ይህ ስም ሕያዋን ባለሙያዎችን ሲያስገልል የኖረ ነውና። ጭራቅ ካስፈለገ ለአንድ ዘመቻ አንድ ይበቃል፣ እርሱም እስከ ሦስተኛው ጨዋታ ድረስ በዱካው ብቻ ይታወቅ።