ነጥቧን አትናቂ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ዘመም ያለ የፒክሰል ፎንት አየሁት። ላቲኑ አምሮበታል፤ የድሮ ቪዲዮ ጌም ርእስ ይመስላል። «ጋሼ፣ ቀጥዬ የአማርኛውን እሠራለሁ» ማለትሽ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ስወድቅና ስነሣ የተማርኩትን በቁጥር ጻፍኩልሽ።

1ኛ፦ ማዝመሙን ለኮምፒውተሩ አትተዪለት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪኑ 512 በ342 ፒክሰል ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር የከተማ ስም የተሰጣቸውን ፎንቶቹን ቺካጎን፣ ጄኔቫንና ሞናኮን የሠራችው እያንዳንዷን ነጥብ በእጇ እየመረጠች ነው። ኢታሊክ ሲፈለግ ግን ማሽኑ ቁሙን ፊደል ረድፍ በረድፍ ወደ ቀኝ እየገፋ ያዘመው ነበር። ከዋናው አጠገብ ስታዪው ንፋስ የገፋው አጥር ነው። ኢታሊክ ሲወለድ እንኳ የተገፋ ቁም ፊደል አልነበረም። ፍራንቼስኮ ግሪፎ ቬኒስ ውስጥ ለአሳታሚው አልዶ ማኑዚዮ የቀረጸው የዘመኑን ፈጣን የእጅ ጽሕፈት ተከትሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1501 የቨርጂል መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በእሱ ታተመ።

2ኛ፦ ዝንባሌውን በረድፍ ቁጠሪ። እዚህ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። በየ2 ረድፉ አንድ ነጥብ ብትገፊ ፊደሉ 27 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፤ ይህ ማዝመም ሳይሆን መውደቅ ነው። በየ3 ረድፉ 18፣ በየ4 ረድፉ 14 ዲግሪ ያህል ይሆናል። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ታዲያ ፊደልሽ ቁመቱ 7 ረድፍ ከሆነ ያለሽ አንዲት ደረጃ ብቻ ናት። እሷን የት እንደምታሳርፊያት መወሰን ነው ሥራው።

3ኛ፦ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ላቲን ንኡሱና ዐቢዩ ተደምሮ 52 ነው፤ የእኛ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 33 ጊዜ 7፣ 231። ብዛቱ አያስፈራሽ፤ ልፋት ብቻ ነው። የሚያስፈራው በትንሽ መጠን ላይ አናባቢውን የምትለየው አንዲት ነጥብ መሆኗ ነው።

ሱቅ ደጃፍ ላይ ጽሑፍ የሚያስሮጡትን ባለ መብራት ሰሌዳዎች ታውቂያቸዋለሽ። ፒ10 የሚባለው ፓነል በወርድ 32፣ በቁመት 16 መብራት አለው። አንድ ጊዜ ለጫማ ሻጭ ሠራሁ። ሁለት መስመር እንዲይዝ ብዬ 16ቱን ለሁለት ከፈልኩና 7 ረድፍ ያለው ዘመም ያለ ፊደል አወጣሁ። አንደኛው መስመር «ለልጆች» ይላል። ማታ ስልክ ተደወለ፦ «ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ጫማ ነው፤ ሉሉን ከየት አመጡት?» ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ሳየው እውነቱን ነው፤ «ሉልጆች» ይላል። የ«ለ»ን ቀኝ እግር ያዘመምኩባት ደረጃ ያረፈችው ልክ የካዕብ ቅጥያ በሚበቅልበት ወገብ ላይ ነበር። መብራቱ ሲፈካ ደግሞ ደረጃዋ አብጣ «ሉ» ሆነች።

በ«ሊ» ላይ ተቃራኒው ይደርስብሻል። እግሩ አንድ ነጥብ ወደ ግራ ሲሸሽ የሳልሱ ቅጥያ በላይኛው እግር ሥር በቀጥታ ይገባና ይጠፋል፤ «ሊ» ብለሽ የጻፍሽው «ለ» ተብሎ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ደረጃዋን ወደ ፊደሉ ራስ፣ ቅጥያ ወደማይደርስበት አወጣታለሁ። ቅጥያው ደግሞ ምንጊዜም ሁለት ነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ የዝንባሌው፣ ሁለት ነጥብ የአናባቢው።

4ኛ፦ «ዐ»ን አታዝምሚያት። በ7 ረድፍ ላይ ክብን ብታዘሚ የተረገጠ ቆርቆሮ ይሆናል። ዝም ብለሽ ተያት፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሰለፍ ቀና ማለቷን ማንም ልብ አይልም።

5ኛ፦ ለርእስ ብቻ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሙያ ስሙ ራሱ ቁም ጽሕፈት ነው። ቃል ማጉላት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ያነሣሉ እንጂ ፊደል አያዘሙም። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ዓይን የዘመመ ፊደል ላይ ብዙ መቆየት አልለመደም። የጌም ስም፣ የፖስተር ራስ፣ የቲሸርት ደረት ይበቃዋል። ሙሉ አንቀጽ በዚህ ፎንት አስገብተሽ ባገኝሽ አልምርሽም።

6ኛ፦ ለ16 ነጥብ የሠራሽውን በ16፣ በ32፣ በ48 ብቻ አውጪው። በ20 ከተጠቀምሽ ስክሪኑ ጠርዙን ያደበዝዘዋል።

7ኛ፦ የፊደሉ ራስ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ይለፍ። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የኒንቴንዶ ፋሚሊ ኮምፒውተር የጀርባ ምስሉን የሚገነባው 8 በ8 ከሆኑ ሰቆች ነበር፤ ሰቅ በሰቅ ላይ አይደረብም። ዘመም ያለ ፊደል እዚያ ውስጥ ከነራሱ መታጨቅ ነበረበት። አንቺ ግን ይህ እገዳ የለብሽም። የላክሽው ላቲን ላይ ግን በየፊደሉ መሀል ሰፊ ክፍተት አየሁ፤ ሳትታሰሪ የታሰርሽ ይመስላል። አቀራርቢያቸው።

አሁን 231ዱን አትጀምሪ። «ለ»ን፣ «ሉ»ን እና «ሊ»ን በ7 ረድፍ አዝምመሽ፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀሽ ላኪልኝ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አትንገሪኝ።