መስመሩ ሲታደስ ክፍሉ እንዳይጨልም

ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር መታደሱ የማይቀር ነው። ዳቦ ቤት ቢሆን ለአንድ ቀን ይዘጋል፤ ሆስፒታል ግን አይዘጋም። ታዲያ ሥራው ሳይቋረጥ መስመሩ እንዴት ይለወጣል? እኛ የፊዚክስ እጩ መምህራን በዚህ ላይ ስንወያይ ጥሩ ማስረጃ ሆኖ ያገኘነው ቆጋን ነው።

በመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ገበሬው የሚያጠጣው ቀን ሲሆን ዋናው ቦይ ሌሊትም እንዲፈስ ታስቧል። የሌሊቱ ውኃ በየመሀሉ በተቆፈሩ ማከማቻ ኩሬዎች ይጠራቀማል። ስለዚህ የላይኛው ቦይ ለጥቂት ጊዜ ቢዘጋ እንኳ፣ ኩሬው እስኪጎድል የታችኛው ማሳ ውኃ አያጣም።

በሆስፒታል የኩሬውን ሥራ የሚሠራው ባትሪ ነው። ዋናው መስመር ተቋርጦ ጄኔሬተር ተነሥቶ ጭነቱን እስኪረከብ ሰከንዶች ያልፋሉ። በመተንፈሻ መሣሪያ ለሚረዳ ሕመምተኛ ያቺ ክፍተት ቀላል አይደለችም፤ የሚሸፍናት ባትሪው ነው። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን የሚገፋው ጄኔሬተሩ ነው፤ ናፍጣ ካለ ማለታችን ነው!

ጄኔሬተርም ቢሆን ሁሉን አይችልም። ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ኦክስጅን፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ይቀድማሉ፤ ልብስ ማጠቢያው ይቆየን። የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ አለበት፤ በሩ ካልተከፈተ ግን ቅዝቃዜውን ለጊዜው ይይዛል፤ ቴርሞሜትሩን የሚያይ ሰው ይመደብለት። አዲሱ ማከፋፈያ ሰሌዳ አሮጌው እየሠራ ጎን ለጎን ተተክሎ ይፈተሻል፤ ከዚያ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይዛወራሉ። በአንድ ሌሊት እንገላገል የሚል ሐሳብ እኛ አይዋጥልንም።

ሳናስተምረው ማለፍ የሌለብን ግን ይህ ነው፦ ጄኔሬተር ያለ መቀያየሪያ ማብሪያ (ኤሌክትሪሻኖች ቼንጅ ኦቨር የሚሉት) ከሕንፃው መስመር ጋር ከተያያዘ ኃይሉ ወደ ውጭም ይሄዳል። ትራንስፎርመር የ15,000 ቮልቱን መስመር ወደ 380 ያወርዳል። ከታች 380 ሲገባበት ደግሞ መልሶ ወደ 15,000 ያወጣዋል። «መብራት ሄዷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ፣ ሽቦውን ሳይፈትሽና ከመሬት ሳያገናኝ ከነካው ይሞታል።

ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንስለው ሁለቱን ምንጮች በአንድ እጀታ እናሳይ፦ እጀታው ወይ ወደ መስመሩ፣ ወይ ወደ ጄኔሬተሩ ይዞራል፤ መሀል ላይ ሲቆም ሁለቱም ተቋርጠዋል።