ከኮርኒሹ ማዶ የሚኖሩት

በዚህ እትም የምንማረው ስለ ባሕሩ ነው። አብዛኞቻችን ከደጋና ከወይና ደጋ የመጣን ስለሆነ የምናውቀው ወንዝና ሐይቅ ነው። ባሕር ያየነው ደማምና ኾበር ከገባን በኋላ፣ ያውም ቤተሰቡ ዓርብ ማታ ኮርኒሽ ሲወጣ ልጅ ይዘን ነው። ላዩ ሲታይ ባዶ ውኃ ይመስላል። ከሥሩ ግን ቁጥራቸው የተመናመነ ፍጥረታት አሉ፤ እነርሱን ለማቆየትም ብዙ ተደክሟል።

ባሕረ ሰላጤው ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 35 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በአንድ ጠባብ በር፣ በሆርሙዝ በኩል ስለሆነ ውኃው ቶሎ አይለወጥም። የገባበት ቆሻሻም ቶሎ አይወጣም።

ከኾበር ወደ ባሕሬን የሚወስደውን የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ታውቁታላችሁ። ከድልድዩ ወደ ደቡብ ያለው የሰልዋ ባሕረ ሰላጤ ይባላል። እዚያ ዱጎንግ የሚባል እንስሳ ይኖራል። ዐረቦች «ዓሩስ አል ባሕር»፣ የባሕር ሙሽራ ይሉታል። ሙሽራ ከማለት ላም ማለት ይቀርበዋል። እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፣ 400 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ከባሕሩ ወለል የባሕር ሣር ይግጣል፣ ልጁን ያጠባል። ዓሣ ስላልሆነ ለመተንፈስ ብቅ ማለት አለበት፤ መረብ ከያዘው ታፍኖ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1983፣ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ ኖውሩዝ ከሚባለው የነዳጅ ጉድጓድ ዘይት ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በርካታ ዱጎንጎች ሞተው ተገኙ። የቀሩት ጥቂት ናቸው ተብሎ ተሰጋ። በ1986 ግን ከአውሮፕላን ላይ ሲቆጠሩ በባሕሬንና በቀጠር መካከል በአንድ መንጋ ብቻ ከ600 በላይ ታዩ፤ በጠቅላላው ባሕረ ሰላጤ 7,000 ያህል እንደሚኖሩም ተገመተ። ከአውስትራሊያ ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ስብስብ ይህ ነው። ይሁን እንጂ እናቲቱ ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ እንደገና እስክትወልድ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በአንድ መረብ አንዲት እናት ስትሞት ምን ያህል እንደሚጎድል አስቡት። በአገራችን ዋልያን ለመጠበቅ ስሜን ላይ ፓርክ ተከልሎ ዘበኛ ቆሟል። ዱጎንግ ግን የሦስት መንግሥታትን ድንበር እየተሻገረ የሚግጥ ከብት ነው፤ አንዱ ቢጠብቀው ሌላው ካልጠበቀው ምን ይጠቅማል?

ወደ ሰሜን ደግሞ ከጁበይል ማዶ ጃናና ከራን የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። የባሕር ኤሊዎች በሙቀቱ ወራት ሌሊት እየወጡ አሸዋ ቆፍረው እንቁላል ይጥሉባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከኩዌት የተለቀቀው ዘይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሳዑዲን ዳርቻ አጠቆረ። አብዛኛው ጁበይል አጠገብ ካለችው ከአቡ ዓሊ ደሴት ስላላለፈ የደማምና የኾበር ዳርቻ በብዛት ተረፈ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ግን አለቁ። ጁበይል ላይ ወፍ የሚታጠብበት ጣቢያ ተቋቁሞ ዘይት የነካቸውን አንድ በአንድ በሳሙና ያጥቡ ነበር። የከራንም አሸዋ ኤሊዎቹ ለእንቁላል ከመውጣታቸው በፊት እንዲጸዳ ተደረገ። እንዲህ ያለው ድካም በከንቱ አይቀርም፤ በብዙ አገሮች ለዓመታት ከተጠበቀ በኋላ አረንጓዴው ኤሊ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ወጥቷል። አፉ እንደ ጭልፊት የቆለመመው ሌላው ኤሊ ግን አሁንም እጅግ በከፋው ረድፍ ላይ ነው።

ኤሊ ፌስታል ይበላል። ውኃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ሁልጊዜ የሚበላውን ለስላሳ የባሕር እንስሳ ስለሚመስለው ይውጠዋል፤ አንጀቱ ተዘግቶ ይሞታል። ኒስፍ አል ቀመር ለሽርሽር ስንሄድ ምግቡን የምናወጣው እኛ ነን፤ ስንመለስ የምንሰበስበውም እኛው ነን። ነፋስ ሳይወስደው ፌስታሉን ቋጥሮ ከበርሜል መክተት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ቀጢፍ አጠገብ ባለው በታሩት ባሕረ ሰላጤ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለ፤ ዐረቦች ቁርም ይሉታል፣ ማንግሮቭ የሚባለው ነው። ጨዉን በቅጠሉ ያስወጣዋል፤ ሥሩንም እንደ እርሳስ ወደ ላይ አቁሞ ይተነፍሳል። ከሥሩ የሩብያንና የዓሣ ጫጩቶች ያድጋሉ። ባሕሩ በአፈር እየተሞላ ቤት ሲሠራበት ብዙው ጠፍቷል። አሁን ችግኙ እንደገና እየተተከለ ነው፤ አራምኮም ራስ ተኑራ ላይ የማንግሮቭ መናፈሻ ከልሏል።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለነው የሩብያንን ነገር ልብ ሳንል አንቀርም። በምሥራቁ ባሕር ማጥመድ የሚፈቀደው ከነሐሴ 1 ቀን እስከ ጥር መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ጊዜ እንቁላል እንዲጥልና እንዲያድግ ይተዋል። ሃሙር ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ሲወለድ ሴት ነው፤ ወንድ የሚሆነው ከተለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ብቻ ተመርጠው ሲጠመዱ ባሕሩ ውስጥ ወንድ ያንሳል፤ ትንንሾቹ ሲጠመዱ ደግሞ እንቁላል ሳይጥሉ ያልቃሉ። ማዳም ከገበያ ስትመለስ «ሃሙር ተወደደ» ብላ የምታማርረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።