የአንድ ዓመት ወንበር

ሆሳዕና፤ ከዝናብ በኋላ። ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሐኪም የክበብ መሪ ሆኖ ከስብሰባ ስብሰባ ሲሮጥ በሽተኛውን ማን ያየዋል?

አዛውንቱ፦ እኔንም በአንቺ ዕድሜ ይኸው ይቆረቁረኝ ነበር። የዶክተር ካርሎስ ካንሴኮን ታሪክ ስሰማ ነው ልቤ የተመለሰው። ሜክሲኳዊ ናቸው፤ የአለርጂ ሐኪም። በ1984፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የዓለም አቀፉ ሮታሪ፣ የበጎ አድራጎት ክበቦች ማኅበር፣ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወንበሩ የአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ተማሪዋ፦ በአንድ ዓመት ምን ይሠራል?

አዛውንቱ፦ ሌላው የሚጨርሰው ይጀመራል። እሳቸው የልጅነት ልምሻን፣ ፖሊዮን፣ መዋጋት ያዙ። የአፍ ጠብታውን ክትባት የሠሩትን አልበርት ሳቢንን አማከሩ፤ በ1985 ሮታሪ 120 ሚሊዮን ዶላር ሊሰበስብ ቃል ገባ። በ1988 ገንዘቡ 247 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም በሽታውን ለማጥፋት ሲነሣ፣ በዓመት 350,000 ያህል ልጆች ሽባ ይሆኑ ነበር።

ተማሪዋ፦ ሐኪሙ ራሳቸው ያከሙት ግን የለም።

አዛውንቱ፦ እድራችንን አስቢ። ዳኛው ድንኳኑን ብቻውን አይተክለውም፤ ጥሩምባውን አስነፍቶ ሰፈሩን ያስነሣል። በምርመራ ክፍል አንድ ሐኪም በቀን ስንት ልጅ ያያል? ደግሞ ሽባ የሆነውን እግር መድኃኒት አይመልሰውም። ቀድሞ መድረስ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ እጁን የሚሰበስብ መሪም ያስፈልጋል። በአሜሪካ አህጉር ዘመቻውን የመሩት ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ዴ ኳድሮስ፣ ከዚያ በፊት እዚሁ ኢትዮጵያ ፈንጣጣን ሲያሳድዱ የኖሩ ናቸው። በዚያ አህጉር በተፈጥሮው ቫይረስ የተያዘው የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1991 ፔሩ ውስጥ ተገኘ።

ተማሪዋ፦ ካንሴኮ ፍጻሜውን አዩ?

አዛውንቱ፦ አላዩም፤ በ2009 አረፉ። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2020 ነው። በዚሁ ቫይረስ የተያዘው የእኛ አገር የመጨረሻው ሕመምተኛ በ2014 መባቻ ሶማሌ ክልል ተገኝቶ ነበር።

ተማሪዋ፦ አለቀ ማለት ነዋ።

አዛውንቱ፦ አላለቀም፣ ልጄ። ክትባት ባልደረሳቸው ልጆች መካከል የጠብታው ቫይረስ ሲዘዋወር ከቆየ ተለውጦ ልምሻ ያመጣል፤ ከ2019 ወዲህ እኛም ዘንድ ታይቷል። ስለዚህ የተዘለለች አንዲት ቤት ታሳስበኛለች። በዘመቻ ቀን በረዶ ያለበትን ሳጥን ትከሻዬ ላይ አንግቼ በእንሰቱ መሐል ስወጣ ስወርድ፣ በሩ ተዘግቶ አገኛለሁ፤ እናት ልጇን አዝላ ዱራሜ ገበያ ሄዳለች። በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ።

ተማሪዋ፦ ከዚያስ?

አዛውንቱ፦ ማታ የገበያው መንገድ ዳር እቆማለሁ። እናቶች ሲመለሱ የልጁን የግራ ትንሿን ጣት አያለሁ። ቀለም ከሌለባት፣ ሁለት ጠብታ።